ሩቅ ጠይቁ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ጤናዬ ብቻ ነው። ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ሳልሽ ተሻለሽ ወይ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ። ይወስደኛል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይወስደኛል። ሳሉን ሐኪሙ የጠመኔ ብናኝ ነው ይላል፤ ጉልበቴን የጨረሰው ደግሞ የጉለሌ ዳገት ነው። ከዚህ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል።

የታሪክ መምህርት ነበርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ከአዲስ አበባ በጣም ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ስለነበረው ዝናብ ሲመጣ አስተማሪና ተማሪ አይደማመጡም ነበር። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከሁሉ የሚወዱት ግን ጸጥታን ነው። በር ላይ ቆም ብለው ያዳምጡና ድምፅ ካልሰሙ ደስ ብሏቸው ያልፋሉ። እኔም ጥሩ አስተማሪ ማለት ክፍሉ ጸጥ ያለለት ሰው ይመስለኝ ነበር። ደብተር አስወጥቼ አስጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል፣ እንለያያለን። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለምግብ በቅቶ ለእናቴ የምልከው ጥቂት ይተርፈኝ ነበር። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዘመቻ ወጥቼ ስመለስ ጉለሌ ተመደብኩ። ትምህርት ቤቱ ከዊንጌት ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር። በመስኮቱ በኩል እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ ቁልቁል ሲወርዱ ይታያሉ። ከነሱ ውስጥ የተማሪዎቻችን እናቶች ነበሩ። ልጆቹ እናታቸውን ሲያዩ እንዳላየ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ይመልሳሉ።

የታሪክ ትምህርት ክፍል ኃላፊው አቶ ወርቅነህ ይባላሉ፤ ሁላችንም ጋሽ ወርቅነህ እንላቸዋለን። ረጅምና ቀጭን ናቸው። ኮታቸው በቀኝ በኩል ሁልጊዜ ያዘነብላል፤ ኪሳቸው ውስጥ የዕለቱን ትምህርት የሚያሳዩበት አንድ ዕቃ ስለማይጠፋ ነው። ገና እንደመጣሁ፣

«ማስተማሩን ለጊዜው ተዪውና እኔ ክፍል ከኋላ ቁጭ ብለሽ እይ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከኪሳቸው ያወጡት አንድ ፍሬ ገውዝ ነበር፤ ከቅመም ተራ የሚገዛው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ምንም ሳይናገሩ ትምህርታቸውን ጀመሩ። ልጆቹ ዓይናቸውን ከገውዙ ላይ መንቀል አቃታቸው። ትምህርቱ ሲያበቃ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ «እሺ፣ አሁን እናንተ» አሉ።

«ቲቸር፣ እሱ ለምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«እሱ ለምንድን ነው ነው የሚለኝ» አሉ፤ ከኋላ ያለው እንዲሰማ ቃሉን ሳይለውጡ ደገሙት። ከዚያ ነገሩን። ይህ ፍሬ ድሮ የሚበቅልባቸው ደሴቶች ጥቂት ነበሩ። ከነሱ በአንዷ ትንሽ ደሴት እንግሊዝና ሆላንድ ሲጣሉ ኖሩ። በመጨረሻ ተስማሙ። እንግሊዞች የገውዟን ደሴት ለሆላንዶች ለቀቁ፤ ሆላንዶች ደግሞ በሌላ የዓለም ጫፍ የነበረቻቸውን አንዲት ደሴት ለእንግሊዞች ተዉ። «ያቺን ሁለተኛዋን ደሴት ታውቋታላችሁ። አሁን ኒውዮርክ የቆመባት ናት።»

ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ከኋላ ሆኜ እዚህም ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ጋሽ ወርቅነህ ሥራ ያስተማሩኝ በንግግር አልነበረም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንድን ተማሪ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው አያውቁም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንዱን ጥሩ ካልኩት ሌላው የኔ መጥፎ ቢሆንስ ብሎ ይፈራል» አሉኝ። መልስ ሰጥተው ሲጨርሱ «ይህን በምን አወቅን?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ፤ የሰማውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያምን ልጅ አይወዱም። ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ አያጠፉም፤ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ነው የሚገቡት። እኔ ያንን ባለመልመዴ ነው ዛሬ የምስለው። ያልገባቸውን ወይም የማያውቁትን ሲጠየቁ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አላውቅም» ይላሉ። ሲሉት አያፍሩም። ጥያቄውን ከሰሌዳው በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ ይጽፉና በጠመኔ ያጥሩታል። የታጠረውን ማንም አያጠፋውም፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች እንኳ ዙሪያውን ነበር የሚጽፉት። ቅዳሜ በእግራቸው ወርደው ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ። መልሱን ካገኙ ሰኞ ይዘው ይመጣሉ፤ ካላገኙ ጥያቄው እዚያው ያድራል።

አንድ ጊዜ እናቱ እንጨት የምትሸከም ልጅ፣ ባሕር ዛፍ ለምን ባሕር ዛፍ ተባለ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ወርቅነህ በማግስቱ ቅጠሉን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ዛፉ ከባሕር ማዶ፣ አውስትራሊያ ከሚባል አገር እንደመጣ፣ ከተማችን ማገዶ አልቆባት ልትነሣ ስትል እሱ ደርሶ እንዳቆያት ነገሩን። «እዚያ አገሩ ላይ ቅጠሉን የሚበላ እንስሳ አለ። ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ያ ልጅ ግን አልሳቀም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆይቶ፣ «እናቴ ይህን አታውቅም» አለ። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲወጣ ዳገቱ ላይ እናቱን ጠብቆ ሸክሟን ሲያግዛት አየሁት።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው እናያለን። የቆመ ሰው ስለሚጠረጠር ቆም ብለን አናይም። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ መልስ የማይሰጡ ልጆች በዙ። «አልመጣም» የሚለኝም አይኖርም፤ ዝም ነው የሚሉት። እኔም አልፌ የሚቀጥለውን እጠራለሁ። አስተማሪዎች በሻይ ሰዓት ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ጀመርን።

በዚያ ጊዜ ጋሽ ወርቅነህ የጥያቄውን ሰዓት ያቆማሉ ብለን ሁላችንም ጠብቀን ነበር። አላቆሙም። አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጠው ልጆቹን አንድ በአንድ አዩና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሩቅ ጠይቁ» አሉ። «የሞተው ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን፣ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ ያለውን ጠይቁኝ። ገባችሁ?»

ገባቸው። ልጅ ፈጥኖ ይገባዋል።

ዓለም ላይ ማንም የማይጠይቀውን ታሪክ የተማርኩት በነዚያ ዓመታት ነው። ሰዓት ሳይሠራ በፊት ሰው ቀጠሮ እንዴት ይይዝ ነበር? የመጀመሪያውን ካርታ የሠራ ሰው ያላየውን አገር እንዴት ሣለው? ቻይናዎች ቀጭኔ አይተው ያውቃሉ? ከኛ አገር ተሽጦ ህንድ የደረሰ ባሪያ የጦር መሪ ሆኗል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እውነት ነው አሉ ጋሽ ወርቅነህ፤ ንጉሥ የሚያነግሥና የሚያወርድ ሰው ሆኖ ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ይረሳል። እኔም እረሳለሁ።

ዓመታት አለፉ። ግድያው ከመንገድ ላይ ቀነሰና ጦርነቱ በሰሜን በረታ። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ወንዶች ልጆች ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሰርግ ቤት ይታፈሱ ጀመር። ከዊንጌት መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ከወሎ የመጡ ሰው ነበሩ። ትልቁን ልጃቸውን ከድርን አስተምሬዋለሁ። እሱን ዘይት ሊያመጣ በሄደበት ወሰዱት። እህቱ ሰሚራ በዚያ ዓመት የጋሽ ወርቅነህ ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ ናት። ነፃ ክፍለ ጊዜ ሲኖረኝ ከኋላ መቀመጤን ስላልተውኩ የሚቀጥለው የሆነው እኔ ባለሁበት ነው።

የዕለቱ ትምህርት የመቶ ዓመት ጦርነት ስለሚባለው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት ነበር። ጋሽ ወርቅነህ «እሺ፣ አሁን እናንተ» ሲሉ ሰሚራ እጇን አወጣች። ከዚያ ቀን በፊት እጇን ስታወጣ አይቼ አላውቅም።

«ቲቸር፣ ያ ጦርነት ያለቀ ዕለት... ማለቴ፣ ወታደሮቹ ማለቁን በምን አወቁ? ሩቅ ቦታ ያለው ወታደር ማን ይነግረዋል?»

ጋሽ ወርቅነህ ጥያቄውን ቃሉን ሳይለውጡ ደገሙት። እሳቸው ጥቂት አሰቡና፣

«ትንሽ አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን ላንቺ አይበቃም» አሏት። ወደ ሰሌዳው ሄደው በማዕዘኑ ላይ «ጦርነት ማለቁን ወታደር በምን ያውቃል?» ብለው ጻፉና አጠሩት። «ሰኞ።»

ሰኞ አልደረሰም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያ ክፍል የወጣቶች ስብሰባ ነበር። ስብሰባውን የሚመሩት የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊው ጓድ ደምሴ ናቸው። ጓድ ደምሴ ድሮ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ በሰው ላይ የማይጮሁ፣ ጫማቸውን በየቀኑ የሚያስጠርጉ ሰው። ሰሌዳውን አነበቡ። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ወደ መምህራን ክፍል ተጠራን።

«ያን ጥያቄ ማን ነው የጠየቀው?» አሉ ጓድ ደምሴ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ማን ጻፈው አላልኩም፤ ማን ጠየቀው ነው ያልኩት።»

«እኔ ክፍል ሰሌዳ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የኔ ነው። ጥያቄው ስለ እንግሊዝና ስለ ፈረንሳይ ነው። ሩቅ ነው፣ ጓድ ደምሴ።»

«ጥያቄው ሩቅ ነው። መልሱ ግን እዚህ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰፈሩ ጠቆሙ። «እዚህ ሰፈር ልጁ ግንባር ያልሄደበት ቤት አለ? ይህን ያነበበ ልጅ ማታ ለእናቱ ምን ይላታል? ጦርነቱ እንደሚያልቅ፣ ለወታደሩ ግን የሚነግረው እንደሌለ ነው?»

እኔ ጋሽ ወርቅነህ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ በኪሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር በጣታቸው ሲያሹ ይሰማኛል። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ጓድ ደምሴ ማን እንደጠየቀ ደጋግመው ጠየቁ፣ ጋሽ ወርቅነህ ደጋግመው እኔ ነኝ አሉ፣ በቃ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ለሥራው ቅልጥፍና» ተብሎ ወደ አንድ ቆላ አገር ተዛወሩ። አልታሰሩም። በዚያ ጊዜ ይህ እንደ ዕድል ነበር የሚቆጠረው።

አውቶቡስ ተራ ልሸኛቸው ሄድኩ። አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር የያዙት።

«ሰሚራን፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም በያት» አሉኝ።

«መልሱን ልንገራት?»

«ካገኘሽው።»

ክፍላቸው ለኔ ተሰጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት መውረድ ጀመርኩ። ቁርጥራጭ ነገሮች አገኘሁ። ያ ጦርነት ሲካሄድ የመቶ ዓመት ጦርነት የሚለው አልነበረም፤ ስሙ የወጣለት ሁሉም ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አንድ ሌላ ጦርነት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ዕርቅ ተፈርሞ፣ ወሬው በመርከብ ባሕር እስኪሻገር ድረስ አሜሪካ ላይ ያሉት ሲገዳደሉ ነበር። ይህን ይዤ ክፍል ገባሁ። ሰሚራ የኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀምጣለች። ገና «ያለፈው ጊዜ የቀረ አንድ ጥያቄ ነበር» ስል አንገቷን ደፋች። ሌሎቹም እንደሷ ደፉ። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ጋሽ ወርቅነህ ለምን እንደሄዱ ሁሉም ያውቃል። ይህን ለማን ነው የምናገረው ብዬ አሰብኩና የዕለቱን ትምህርት ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ የታጠረ ነገር አልነበረም፤ አንድ ሰው ቀድሞኝ አጥፍቶታል።

በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «እሺ፣ አሁን እናንተ» እላለሁ። አንድ እጅ አይወጣም። ገውዝ አመጣሁ፣ የድሮ ሳንቲም አመጣሁ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከአንድ ምጽዋ ከኖረ ሰው ተውሼ አመጣሁ። ዕቃውን አይተው ደወሉን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚከቱበት የካርቶን ሣጥን ሠርቼ በር አጠገብ አስቀመጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሣጥኑ ከበደ። ደስ አለኝ። ቤቴ ወስጄ፣ ራቴን እንኳ ሳልበላ ከፈትኩት።

«የአብዮታችን ድል በማን ይረጋገጣል?» ይላል የመጀመሪያው። «ሠራተኛው መደብ ለምን መሪ ሆነ?» «ለእናት አገር ጥሪ የወጣቱ ምላሽ ምን መሆን አለበት?» ሁሉም እንዲህ ናቸው። ጽሕፈታቸውን አውቃለሁ፤ ቻይና ቀጭኔ አይታ ታውቃለች ወይ ብለው የጠየቁትን ልጆች ወንድሞችና እህቶች ነበር የማስተምረው። ሣጥኑን ማን ሊከፍተው እንደሚችል አስበው፣ ቢከፈት ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው የጻፉት። ብልህ ልጆች ነበሩ። መፍራትን ከኛ በደንብ ተምረዋል። በማግስቱ ሣጥኑን አነሣሁት። የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክፍሌ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ከተማ ክፍሌ ሆነ። አስጽፋለሁ፣ ይጽፋሉ። ዳይሬክተሮች ይለዋወጣሉ፤ ሁሉም በጸጥታዬ ያመሰግኑኛል። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የደከመኝ ያኔ ነው። ብዙ በመሥራት የሚመጣ ድካም ተኝተሽ ስትነሺ ይለቅሻል። ያኛው አይለቅም ነበር።

በሰሜን አንድ ትልቅ ሽንፈት ደርሶ ሬዲዮው ስለ ሌላ ነገር በሚያወራበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። ዝናብ ነበር። ጓድ ደምሴ ገቡ። ኮታቸው ረጥቧል፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እርማቴን አቆምኩ።

«ጓድ ጽጌ» አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉና፣ «ጽጌ» አሉ። እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ያ ጥያቄ... መልሱ ምን ነበር?»

የትኛው ጥያቄ አላልኳቸውም። ልጃቸው ብሩክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ ነው የዘመተው። የካድሬ ልጅ ቀረ እንዳይባል እሳቸው ራሳቸው እንዳስመዘገቡት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። በዚያን ጊዜ «የራሴን ልጅ ሳልልክ የማንን ልጅ ልላክ?» ብለው ነበር።

«ወሬ ከጠፋ ቆየ?» አልኳቸው።

«ቆየ። መልሱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ለሰሚራ ያልነገርኳትን ለሳቸው ነገርኳቸው። ስለ መርከቡ ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ አንድ የጃፓን ወታደር ነገርኳቸው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ፣ አገሩ ከተሸነፈች ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ በአንድ የሩቅ ደሴት ጫካ ውስጥ እየተዋጋ ቀረ። ከአውሮፕላን ወረቀት በተኑለት፤ የጠላት ተንኮል ነው ብሎ አላመነም። ወንድሙ መጥቶ በድምፅ ማጉያ ጠራው፤ አላመነም።

«ታዲያ በምን አመነ?»

«ያዘመቱት አዛዥ በሕይወት ነበሩ። መጽሐፍ ሻጭ ሆነዋል። እሳቸውን ፈልገው ጫካው ድረስ ወሰዷቸው። ቆመው ትእዛዝህ አብቅቷል ብለው ሲያነቡለት መሣሪያውን አስቀመጠ።»

ጓድ ደምሴ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

«አዛዡ ሞተው ቢሆንስ?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ወጡ። ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንደ ድሮው መፈክር አሰሙ፤ ድምፃቸው ግን ከኋላ ላለ ሰው አይሰማም ነበር።

ደርግ በወደቀበት ግንቦት ከተማው በወታደር ተሞላ። መሣሪያቸውን የጣሉ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ዩኒፎርማቸው ላይ የሰው ሹራብ የደረቡ፣ በየበሩ እየቆሙ ውኃ የሚለምኑ። ጋሽ ወርቅነህ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ጉለሌ እህታቸው ቤት ገብተው ነበር። ቆላው ወባ አሲዞ መልሷቸዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል።

ከድር ተመለሰ። ሰሚራ ራሷ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ሱቃቸው ሄድኩ። ሐጂ ሰይድ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው እጁን አልለቀቁም። ከድር ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እነሱ አንድ ድልድይ ሲጠብቁ ሬዲዮናቸው ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ አዛዣቸውም አንድ ጠዋት ተነሥተው ሲያዩት የለም። ድልድዩን መጠበቅ ቀጠሉ። አንዲት ውኃ የምትቀዳ ሴት በየቀኑ ታልፋለች። በመጨረሻ እንስራዋን አውርዳ፣ «ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ እየገባ ነው። እናንተ እዚህ ምን ቀራችሁ?» አለቻቸው።

«እሷ ናት የነገረችን» አለ ከድር።

ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። «ጋሽ ወርቅነህ ጋ ልወስደው» አለች። ወሰደችው። ጋሽ ወርቅነህ ከአልጋቸው ላይ ቀና ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲጨርስ፣ «ሴትየዋ በምን እንዳወቀች ጠየቃችኋት?» አሉት። ከድር ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው አለችኝ እህቱ።

ብሩክ ግን አልመጣም። አቶ ደምሴ ሥራ የላቸውም፤ ሰፈር ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው ቀንሷል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ የየትኛው ክፍለ ጦር እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን የጋሽ ወርቅነህን በር አንኳኩ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ገብተው አልተቀመጡም።

«ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ካምፕ ውስጥ የተሰበሰቡ ወታደሮች አሉ አሉኝ» አሉ። «ብቻዬን ብሄድ ማን እንደሆንኩ ሲያውቁ አያስገቡኝም። እርስዎ... እርስዎን የበደልኩትን አውቃለሁ።»

ጋሽ ወርቅነህ ኮታቸውን እንዳቀብላቸው በዓይናቸው ጠቆሙኝ።

አብረው ሄዱ። ከዚያም ደጋግመው ሄዱ። አንድ ማታ፣ በዚያ ወባ ላይ እንዴት ብለው ይሄዳሉ፣ ለዚህ ሰው፣ ብዬ ተቆጣኋቸው። «ጥያቄ ይዞ መጣ» አሉኝ። ክረምቱ ሲገባ እግራቸው እምቢ አለና አልጋ ላይ ቀሩ። ሲቀሩ እኔ በሳቸው ቦታ ሄድኩ።

የካምፑ በር ላይ ፀጉሯን ያጎፈረች ወጣት ታጋይ ቆማለች። አቶ ደምሴን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና ወደኔ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?»

እማማ የምባል አልነበርኩም፤ ፊቴ ግን እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። «አብረን እናስተምር ነበር» አልኳት። ጥቂት አሰበችና አስገባችን። አጥሩ ውጭ ሌላ ብዙ ወላጅ ቆሟል፤ በአንዴ ሁሉም አይገባም።

ወታደሮቹ እርጥብ ሣር ላይ በረድፍ በረድፍ ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ስለዚህ እኔ ጠራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስም በጠራሁበት ድምፅ፣ «ብሩክ ደምሴ» እያልኩ በረድፎቹ መካከል ሄድኩ። ብዙ ራሶች ቀና ብለው እንደገና ይደፋሉ። ብሩክን በዚያ ቀን አላገኘነውም፤ ኋላም አልተገኘም፤ አባቱም ወሬውን ሳይሰሙ ነው የሞቱት። ያን ቀን ግን ወደ መጨረሻው ረድፍ ስደርስ አንድ ከንፈሩ የደረቀ ልጅ እጁን አወጣ።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«አይደለሁም» አለኝ። «የኔንም ስም ይጥሩልኝ። ውጭ የቆመ ሰው ይኖረኝ ይሆናል።»

ከጎኑ ያለውም እጁን አወጣ። ከዚያ ከኋላው ያለው። አቶ ደምሴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የመጀመሪያውን ልጅ ስሙን ጠየቁት። ልጁ ነገራቸው። ወደ አጥሩ ሄደው፣ ያን ድሮ የማይጮኸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ውጭ ለቆመው ሰው ሁሉ የልጁን ስም ከነአባቱ ጠሩት።